ቀጠናዊ የጎርፍ ድግግሞሽ ግምት

በእንግሊዝኛ «ሪጅናል ፍለድ ፍሪኩዌንሲ» የሚባለውን በአማርኛ «ቀጠናዊ የጎርፍ ድግግሞሽ» ብንለው ይስማማል፤ ይኸውም በዝናብ፣ በመሬት ተዳፋትና በአፈር ጠባይ የሚመሳሰሉ ወንዞችን መዛግብት በአንድነት መርምሮ፣ ይህን ያህል ኃይል ያለው ጎርፍ በስንት ዘመን አንዴ ሊደርስ እንደሚችል፣ ልኬት ላልተያዘለት ወንዝ ሳይቀር፣ በአኃዝ የሚተምን ጥበብ ነው።

የዚህን ጥበብ አስፈላጊነት ከአዋሽ ወንዝ እንረዳለን፤ ከጊንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ የሚመነጨው አዋሽ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎን አልፎ፣ ከወሎ ደጋ የሚወርዱትን ሚሌንና ሎጊያን ተቀብሎ፣ ከሰመራ በታች በዱብቲና በአሳይታ ሜዳ ተዘርግቶ አቤ ሐይቅ ሲገባ፣ ዝናቡን ያላየ የአፋር አርብቶ አደር በደጋ የዘነበውን ክረምት ጎርፍ ሆኖ ይቀበለዋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የሞላው ውሃም ብዙ ሺሕ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል መቶ ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ማለት ነው፤ ስለዚህ ለ30 ዓመት የሚያገለግል ድልድይ በዘመኑ ይህን ጎርፍ የማየት ዕድሉ ከመቶ 26 ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት የየወንዙን ጎርፍ ለየራሱ አማካይ አካፍለው ቀጠናውን በአንድ ቀመር ይገዙት ነበር። ማሽን ለርኒንግ የሚባለው የዛሬው ስልት ግን ቀመሩን ከሰው አይቀበልም፤ የተፋሰሱን ስፋት፣ ከፍታ፣ ተዳፋትና ዝናብ ከተለካው ጎርፍ ጋር እያነጻጸረ ዝምድናቸውን ራሱ ይማራል። ከነዚህ ስልቶች አንዱ፣ ሊዮ ብሬይማን በ2001 እ.ኤ.አ. ያብራራው «ራንደም ፎረስት»፣ ከመዝገቡ ልዩ ልዩ ክፍል የተማሩ ብዙ የውሳኔ ዛፎችን ጠይቆ የመልሳቸውን አማካይ ይሰጣል። ትምህርቱም የሚፈተነው የአንድን የወንዝ መለኪያ ጣቢያ ልኬት ሰውሮ እንዲገምተው በማድረግ ነው።

ሆኖም ራንደም ፎረስት ካየው ከፍተኛ ጎርፍ በላይ መናገር አይችልም፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ ያለው የአዋሽ መዝገብም ከቀድሞው ጋር ያለ ጥንቃቄ ሊደባለቅ አይገባም፤ የተገደበ ወንዝ ጠባዩ ሌላ ነውና። ስለሆነም ማሽኑ የልኬት ጠባቂውን ሥራ አይተካውም፤ ጠዋትና ማታ የወንዙን ከፍታ የሚጽፈው ያ ትጉህ ሰው የማሽኑ መምህር ነው፤ የአፋርን ቀዬ ከጎርፍ ለመጠበቅ የሚሻ መንግሥትም አስቀድሞ በየገባሩ የልኬት ጣቢያ ያቁም፣ ጠባቂውንም ያክብር።