የደመወዝ ጣሪያና የሥራ ክርክር በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ

የደመወዝ ጣሪያ ማለት አንድ የስፖርት ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን ለተጫዋቾቹ በድምሩ ሊከፍል የሚፈቀድለት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ነው። ዓላማውም ባለጸጋው ቡድን ዝነኛ ተጫዋቾችን ጠቅልሎ እንዳይወስድና የቡድኖች ወጪ ከገቢያቸው እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። አሠራሩ ብርቱ ክርክር ካስነሣባቸው መድረኮች አንዱ የካናዳና የአሜሪካ ቡድኖች የሚወዳደሩበት ብሔራዊ የሆኪ ሊግ፣ በምኅጻረ ቃል ኤን ኤች ኤል ነው።

በሊጉ የቡድን ባለቤቶችና እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው የተጫዋቾች ማኅበር የሚተዳደሩት በኅብረት ስምምነት ነው። ስምምነቱ ጊዜው አልፎ አዲስ ካልተፈረመ፣ ተጫዋቾች ሥራ ሊያቆሙ፣ ባለቤቶችም ሥራ ሊዘጉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ተጫዋቾች ለ10 ቀናት ያህል ሥራ አቁመዋል። በ1994 ደግሞ ባለቤቶች በመዝጋታቸው እያንዳንዱ ቡድን 48 ጨዋታ ብቻ አድርጓል።

ከሁሉም የከፋው በመስከረም 2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ባለቤቶች ከገቢያቸው ሦስት አራተኛ ያህሉ ለተጫዋቾች እንደሚከፈልና እየከሰሩ መሆናቸውን ገለጹ፤ ማኅበሩ ግን የኪሳራውን ሒሳብ ተጠራጥሮ ጣሪያውን አልቀበልም አለ። በየካቲት 16 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን ውድድሩን ሙሉ በሙሉ ሰረዙ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ የስፖርት ሊጎች ታሪክ በሥራ ክርክር ሙሉ የውድድር ዘመን ሲጠፋ የመጀመሪያው ነበር። የስታንሊ ዋንጫም ያለ አሸናፊ ቀረ። ከዚያ አስቀድሞ ያለ አሸናፊ የቀረው በ1919 እ.ኤ.አ.፣ በአገራችን የኅዳር በሽታ ተብሎ በሚታወሰው ወረርሽኝ ሳቢያ ነበር።

ብዙ ተጫዋቾች በአውሮፓ ቡድኖች ሥራ አገኙ። በስታዲየሞቹ ትኬት ቆርጠው፣ ምግብ ሸጠውና አጽድተው የሚያድሩት ሠራተኞች ግን በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ሳይኖራቸው የዕለት ገቢያቸውን አጡ።

በሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. ተጫዋቾች ጣሪያውን ተቀበሉ። የመጀመሪያው መጠን ለአንድ ቡድን 39 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ቀድሞ በተፈረሙ ውሎች ላይ ያለው ደመወዝም በ24 በመቶ ተቀነሰ። ጣሪያው ከሊጉ ገቢ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ገቢ ሲያድግ ከፍ ይላል። ቡድኖች ከዚያ በታች እንዳይከፍሉ የሚያስገድድ ዝቅተኛ ወለልም ተበጅቷል። ከተጫዋቾች ደመወዝ የተወሰነው በአደራ ይያዛል፤ ጠቅላላ ክፍያው ከድርሻቸው ካለፈ ትርፉ ለባለቤቶች ይመለሳል።

በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ እንደገና ሲዘጋ ክርክሩ በጣሪያው መኖር ላይ አልነበረም፤ የተጫዋቾች ድርሻ ከገቢው 57 በመቶ ደርሶ ስለነበር በክፍፍሉ ላይ ነበር። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. እንደ እኩል እርሻ ገቢውን ለሁለት ለመካፈል ተስማሙ። በ2025 የተጀመረው የውድድር ዘመን ጣሪያ 95.5 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል።

ጣሪያው የቡድኖችን ወጪ ገደበ እንጂ ክርክሩን አልዘጋም። ምርቱ በእኩል ቢካፈልም፣ ከአውድማው ምን ያህል እንደተሰፈረ ሁለቱም ወገኖች እኩል ማየት ይኖርባቸዋል።