መረብ ስንት ገባ?

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለጥየቃ በሄድኩ ቁጥር የታላቅ ወንድሜ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ «መረብ ስንት ገባ?» ከመታሰሩ በፊት ባሕር ዳር ዓሣ አስጋሪ ነበር።

የጣና ሰው ድሮ መረቡን ራሱ ይሠራ ነበር፤ ታንኳውም ሐይቁ ዳር ከሚበቅል ደንገል ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የኔዘርላንድስ አብያተ ክርስቲያናት ድርጅትና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ያገዙት ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አመጣ። የሚሰገረው ዓሣ በዛ፤ መረብ ግን ከዚያ ወዲያ የሚገዛ ዕቃ ሆነ። ቆይቶ በሱዳን በኩል ርካሽ ስስ መረብ ገባ፤ ቶሎ ይበጠሳል፣ የዓሣ ጫጩትም አይምርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ናረ።

ያኔ ምንም የማይከፈልበት ባዶ ሃይላንድ ነበር። ወንድሜ መረቡን ያንሳፍፍበታል። ለእኔ ደግሞ ሲሶውን ውኃ ሞልቶ፣ በብስክሌት ፓምፕ አየር ነፍቶ ሮኬት ያደርግልኛል፦ የታመቀው አየር ውኃውን ቁልቁል ሲገፋው ጠርሙሱ ሽቅብ ይስፈነጠራል።

ባለፈው የመረቡን ዋጋ ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «ሃይላንዱስ?» አለኝ።

«ቆራሊዮ ይገዛዋል።»

«እሱንም?» አለና ሳቀ።