የበሰቃ ሐይቅና የጓሯችን ውሃ

በካቶርም ሆነ በሰፈራችን ከጉድጓድ እየቀዳ መደቡን የሚያጠጣ ሁሉ የበሰቃን ታሪክ ቢሰማ ይጠቀማል። (ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በሰቃ በመተሐራ አጠገብ፣ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሐይቅ ነው። በ1960ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በ1960 የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ አዋሽ በበጋም ለመስኖ በቃ፤ በመተሐራም ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተዘረጋ። ሐይቁ ግን ከዚያ ወዲህ እያበጠ ሄዶ በ2000ዎቹ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። የከረዩን የግጦሽ መሬት ዋጠ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድና የባቡር ሐዲድም ደፈረ። ከመስኖው የሰረገው ውሃ ነው የሚሉ አሉ፤ ከመሬት ውስጥ የሚፈልቀው ፍል ውሃ ነው የሚሉም አሉ። ለእኔስ የሁለቱም እጅ ያለበት ይመስለኛል።

የበሰቃ ክፋት ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ሶዳ ነው። ሶዳ ደግሞ ከተራ ጨው ይለያል። ተራ ጨው፣ ውሃው መውረጃ ካገኘ፣ በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወደ ታች ይሄዳል። መውረጃ ካጣ ግን በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ እንደ ሆነው ነው፤ ከመስኖው የተነሣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ወጣ፣ ጨውንም ይዞ መጣ፣ የጥጥ መሬትም ጦም አደረ። የሶዳው ሶዲየም ግን ከሸክላው አፈር ጋር ይጣበቅና አፈሩን ይበትነዋል። ሲርስ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ውሃ ባበዛንለት ቁጥር ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ ሥር አይደርስም።

መድኃኒቱን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በካሊፎርኒያ ያስተማሩት የአፈር ሊቅ ዩጂን ሂልጋርድ ነበሩ፤ ጀሶ! በጀሶ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሶዲየሙን ከሸክላው ያስለቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ማጠብ ይቻላል። ኖራ ግን ይህን አይሠራም፤ በሶዳ አፈር ውስጥ አይሟሟምና።

ጀሶ ላላገኘ ሰው ፍግና የበሰበሰ ገለባ አፈሩን ያላሉታል። መደቡን ከፍ አድርጎ፣ ቦይ ቀዶ፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የሚጥለው የጁባ ዝናብ እንዲያጥበው መተው ነው፤ የዝናብ ውሃ ጨው የለበትም። ቦሎቄ፣ ካሮትና ሽንኩርት ጨው አይወዱም፤ ቀይ ሥር ይታገሣል። የምድጃ አመድ ግን፣ ብዙዎቻችን ማዳበሪያ ነው ብለን የምንበትነው፣ ራሱ እንደ ሶዳ ነውና በእንዲህ ያለ መደብ ላይ አይጣል።