የማይነቅዝ እንጨት በጣና ዳር

በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 25 ሙሴ ታቦቱን እንዲያሠራ በታዘዘ ጊዜ መጠኑ አብሮ ተነገረው፤ ርዝመቱ 2 ክንድ ተኩል፥ ወርዱና ቁመቱ 1 ክንድ ተኩል ነው። እንጨቱም ተነገረው፤ ዳሩ ግን መጻሕፍት ስሙን በልዩ ልዩ መንገድ አቆይተውልናል። ዕብራይስጡ ሰጢም ይለዋል፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግራር ብሎ ተርጕሞታል። ግእዙ ግን የሰብዓ ሊቃናትን ትርጓሜ ተከትሎ የዛፉን ስም ተወና ጠባዩን ብቻ ተናገረ፤ የማይነቅዝ እንጨት አለው። በእሑድ ውዳሴ ማርያም የምንደግመው ቃል ይኸው ነው።

ለቅኔ ቤት ሰው ይህ ቃል ሰምና ወርቅ ነው። ወርቁ እመቤታችን ናት፤ ሰሙ ሣጥኑ ነው። እኛ ወርቁን ስናመሰጥር ሰሙን እምብዛም አንመረምረውም፤ ሰሙን መርምረው የተገኙት ጠራቢዎች ናቸው። የዛፉ ስም ካልተነገረ፥ የማይነቅዘውን በየአገሩ መፈለግ ግድ ነውና።

በጣና ዳር ፍለጋው ቀላል አልነበረም። ባሕሩ ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን፥ በባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናም ይዘንማል፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት ነው። ርጥበት ሲበዛ ሻጋታ፥ በጋው ሲመለስ ምስጥና ነቀዝ ይነሣሉ። ግራር በአካባቢው ሞልቷል፤ ነገር ግን በአገራችን ከሣጥን ይልቅ ለአጥርና ለከሰል ይታወቃል። ስለዚህ ቃሉን በፊደሉ የያዘ ጠራቢ ግራር ይቆርጥ ነበር፤ በምሥጢሩ የያዘው ግን ወደ ዋንዛ ሄደ።

ዋንዛን የወደዱት ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ቀላል ነው፤ ለመጥረቢያና ለመሮ ይታዘዛል፤ በደረቀ ጊዜ እንደ ሌላው እንጨት ብዙ አይጣመምም፤ ልቡም ምስጥን ደኅና አድርጎ ይቋቋማል። ከበሮውም በሩም መስኮቱም ከእርሱ የሚወጣው ለዚህ ነው። አዲስ የተጠረበው ጽጌረዳ መልክ ያለበት ቡናማ ሆኖ ሳለ፥ ዘመን በቆየ ቁጥር እየጠቈረ ይሄዳል። ነውሩ ዳር ላይ ያለው ነጩ ክፍል ነው፤ እርሱን ነቀዝ ፈጥኖ ያገኘዋል። ጣውላ ለማብዛት ሲል ነጩን ሳይገፍፍ ከልቡ ጋር የሚያጋጥም ሠራተኛ፥ ሌባውን ከቤት አስገብቶ በሩን እንደሚዘጋ ሰው ነው።

ወይራ ሌላ ነው። ክብደቱ ከውሃ ጋር ሊተካከል ጥቂት የቀረው ጠንካራ እንጨት ነው፤ መቋሚያችንም ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይቈረጣል። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለሰፊ ሣጥን አይመችም። ለመጽሐፍ ገበታ ግን፥ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ፥ ከዋንዛ ጋር ተመርጦ ኖሯል። ገበታ ቢሰበርም አይጣልም ነበር፤ ስብራቱን በስተው በጠፍር ወይም በክር ሰፍተው ይመልሱታል። ጽድ ሽታው ተባይን ያርቃል ተብሎ ይወደዳል፤ ዝግባ ረጅምና ለስላሳ ጣውላ ይሰጣል፥ ርጥበት ባለበት ግን ፈጥኖ ይበላሻል።

ይህ ምርጫ ከንቱ እንዳልነበረ ከጣና ውጭ ምስክር ቢፈለግ፥ በላሊበላ በንጉሡ በላሊበላ ስም የግእዝ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የእንጨት መናብርተ ታቦት አሉ። 800 ዓመት ያህል ሆኗቸዋል። በጣናም ኧርንስት ሐመርሽሚት የተባለው ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 የገዳማቱን መጻሕፍት በፎቶግራፍ ሲያነሣ፥ በክብራን ገብርኤል ከ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተረፈው ወንጌል ሳይቀር በቦታው ነበር። ብራናውን የጠበቀው የመነኮሳቱ ትጋት ነው፤ ነገር ግን ገበታውና ማኅደሩ ድርሻቸውን አይነፈጉም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፥ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ። (የስሙ ባሕር ጣና አይደለም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው።) ለማገርና ለማገዶ ባለውለታችን ነው፤ ለሣጥን ግን ሲደርቅ ይጣመማል፥ ይተረተራል። የአገሩ ዛፍ እየተመናመነ ስለሄደ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፥ ጽድ፥ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ጣውላው ሲወደድ ጠራቢው ወደ ቺፑድና ወደ ኮምፔንሳቶ ዞረ። ቺፑድ በሙጫ የተጣበቀ ፍቅፋቂ ነው፤ ርጥበት ሲነካው ያብጣል፥ ከዚያም ይፈርሳል። ለብራና መጻሕፍት ማኖሪያ ይሁን ተብሎ በስለት የገባ እንዲህ ያለ ሣጥን አይቻለሁ። ውጪው ያብረቀርቃል፤ ለጣና ክረምት ግን አይሆንም። ለሰጪው ምስጋና ይገባዋል፤ መጽሐፉን ግን እዚያ ውስጥ ባያስገቡት ይሻላል።

በዘጌ ዛፉ እስከ ዛሬ የተረፈው፥ በትውፊት እንደሚነገረው፥ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል መሬቱ ስለማይታረስ ነው። ዋንዛውም በዚያ ለቡናው ጥላ ሆኖ ይኖራል። ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለዕቃ ቤት ሣጥን የሚያሠራ ሰው እንግዲህ፥ ስለ ቀለሙና ስለ ማጠፊያው ከመነጋገሩ በፊት፥ ጣውላው ከልቡ ነው ወይስ ከነጩ፥ ተሰንጥቆስ በጥላ ስንት ክረምት አለፈው ብሎ ጠራቢውን ይጠይቀው።