የማታው ክፍል ሒሳብ

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ እናቶቻችን ፊደል የቆጠሩት ከሥራ መልስ ማታ ማታ ነበር። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ ከትምህርት ገበታ ለራቁ ልጆች አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት መጣ፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን በሦስት ዓመት፣ ሰዓቱም እንደ አካባቢው ኑሮ።

እኛ ግን በሰው ቤት ለሚሠሩ ልጃገረዶች ክፍል ስንከፍት ሰዓቱን ለራሳችን እንዲመች አደረግነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት። ዘንድሮ መዝገብ ስናገላብጥ ደብተሩም ጠመኔውም ወንበሩም በደረሰኝ ተወራርዷል፤ ሳንቲም አልጎደለም። የመጋቢት ስም መጥሪያ ግን ግማሹ ባዶ ነው። ልጆቹን ብንጠይቅ፣ "በቡና ሰዓት ማን ይለቀናል?" አሉን። (ይህን ሳንጠይቅ ወንበር መግዛታችን!)

ከመስከረም ጀምሮ ክፍሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። ልጆቹን ወደየቤታቸው ለሚሸኝ ሰው የሚከፈል በጀት ስላልነበረ፣ ከወንበር ግዢው እንዲዛወርልን ለለጋሾቻችን ጽፈናል።