የሸክላው ጀርባ፦ «ስዊት» ባንድ የራሱን ድምፅ እንዴት አስመለሰ?

ሸክላ ሁለት ገጽ አለው። በፊተኛው ገጽ ሬዲዮ የሚያጫውተውና ሰው ብሎ የሚገዛው ዘፈን ይቀመጣል። በጀርባው ያለውን ግን ብዙ ሰው ገልብጦ እንኳ አይሰማውም። የእንግሊዙ «ስዊት» ባንድ ታሪክ ባጭሩ የጀርባው ገጽ ወደ ፊት ለመምጣት ያደረገው የአራት ዓመት ትግል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ዘመኑን እናስታውስ። በ1970ዎቹ መግቢያ ግላም ሮክ የሚባል ማዕበል ብሪታንያን አጥለቅልቋት ነበር። ወንዶቹ ዘፋኞች ፊታቸውን ተኳኩለው፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው፣ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ ተጫምተው ቴሌቪዥን ላይ ይቀርባሉ። ማርክ ቦላንና ዴቪድ ቦዊ የገነኑት በዚህ ጊዜ ነው። ሁለቱም ግን ያቀነቅኑ የነበረው በአብዛኛው ራሳቸው የጻፉትን ነው። የስዊት ነገር ከዚህ ይለያል።

ባንዱ የተመሠረተው በ1968 ለንደን ውስጥ ነው። ብራያን ኮኖሊ ድምፃዊ፣ ሚክ ታከር ከበሮ መቺ፣ ስቲቭ ፕሪስት ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበሩ። በ1970 ጊታሪስቱ አንዲ ስኮት ተቀላቀላቸው። ከዚያ ኒኪ ቺንና ማይክ ቻፕማን የሚባሉ የግጥምና ዜማ ደራሲዎች፣ ፊል ዌይንማን ከሚባለው ፕሮዲውሰር ጋር ሆነው ሥራቸውን በእጃቸው አስገቡት። በ1971 የወጡት «ፈኒ ፈኒ» እና «ኮ-ኮ» ሕፃን ልጅ የሚያንጎራጉራቸው ቀላል ዘፈኖች ናቸው። «ኮ-ኮ» በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በእነዚህ ሸክላዎች ላይ መሣሪያ የተጫወቱት የባንዱ አባላት ሳይሆኑ በክፍያ የመጡ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ነበሩ። የባንዱ ልጆች የሰጡት ድምፃቸውን ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ጊታርና ከበሮ ይዘው የሚታዩት ግን እነሱ ናቸው።

ታዲያ ለእነሱ ምን ቀረ? ጀርባው ቀረ። የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ ራሳቸው እየጻፉ፣ ራሳቸው እየተጫወቱ ሞሉት። ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ፊተኛው ገጽ በተሸጠ ቁጥር ጀርባውም አብሮ ስለሚሸጥ የደራሲነት ክፍያ ያገኙበት ነበር። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ እውነተኛው ባንድ የሚሰማው እዚያ ነበር። የ«ኮ-ኮ»ን ሸክላ ገልብጦ «ደን ሚ ሮንግ ኦል ራይት»ን የሰማ ሰው በሚያጓራ ጊታር የታጀበ ሌላ ባንድ ያገኛል።

ቀስ በቀስ የጀርባው ድምፅ ወደ ፊት መፍሰስ ጀመረ። በ1972 በወጣው «ዊግ-ዋም ባም» ላይ መሣሪያውን ራሳቸው ተጫወቱ። በ1973 መጀመሪያ በሳይረን ጩኸት የሚጀምረው «ብሎክ በስተር» ወጣና ለአምስት ሳምንት 1ኛ ሆኖ ቆየ። ቀጥሎ «ሄል ሬይዘር» መጣ፤ እሱም ከባድ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ስኮትላንድ ኪልማርኖክ ከተማ ውስጥ ተመልካቹ ጠርሙስ እየወረወረ ከመድረክ አባሯቸው ነበር። ቺንና ቻፕማን ከዚያ ውርደት «ዘ ቦልሩም ብሊትዝ»ን ጻፉና ዘፈኑ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። ልብ በሉ፤ ጠርሙሱ የተወረወረው በባንዱ ላይ ነው፣ ታሪኩን የጻፉት ግን አሁንም ሌሎች ናቸው።

በ1974 የወጣው «ስዊት ፋኒ አዳምስ» አልበም መስመሩን ለየ። ከዘጠኙ ዘፈኖች ስድስቱ የባንዱ የራሱ ድርሰቶች ነበሩ፤ ድምፁም ጥርት ያለ ሃርድ ሮክ ነው። ዕድል ግን ፊቷን አዞረች። ኮኖሊ መንገድ ላይ ተደብድቦ ጉሮሮው ተጎዳ፤ አንዳንዶቹን ዘፈኖች ፕሪስትና ስኮት ሊዘፍኑለት ግድ ሆነ። «ዘ ሁ» የተባለው ታላቅ ባንድ በለንደኑ ቻርልተን ስታዲየም አብረውት እንዲጫወቱ የሰጣቸው ዕድልም በዚሁ ጉዳት አመለጣቸው። የሮክ አድማጭ በቁም ነገር ሊያያቸው የሚችልበት መድረክ ነበር።

ወሳኙ ዘፈን በመጋቢት 1975 ወጣ፤ «ፎክስ ኦን ዘ ረን»። አስቀድሞ በአልበም ላይ የነበረውን የራሳቸውን ዘፈን ያለ ቺንና ቻፕማን እንደገና ቀርጸው በነጠላ ዜማ አወጡት። ድርሰቱም ፕሮዲውስ ማድረጉም የራሳቸው ሆኖ በፊተኛው ገጽ የታተመ የመጀመሪያው ሸክላቸው ይህ ነው። በብሪታንያ 2ኛ፣ በአሜሪካ 5ኛ ደረጃ ደረሰ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ነፃ በወጡበት ዘፈን ላይ ያደረጉት ማለስለስ ነው! የአልበሙ ቅጂ ሻካራ ነበር። ነጠላው ግን በሲንተሳይዘር ይጀምራል፤ አዝማቹ አንዴ የሰሙት ከጆሮ አይወጣም። ይህ ከማን የተማሩት ሙያ ነው? ለዓመታት ሲያዟቸው ከቆዩት ሰዎች ነው። ስለዚህ የስዊትን ታሪክ «ቀሽም ፖፕን ጥለው ወደ እውነተኛው ሮክ ገቡ» ብሎ መተረክ ግማሹን መተው ነው። ጠቡ በመክበድና በመቅለል ላይ ብቻ አልነበረም። ዋናው ጥያቄ «የትኛው ዘፈን ፊተኛው ገጽ ላይ እንደሚታተም የሚወስነው ማን ነው?» የሚል ነበር። ውሳኔው እጃቸው ሲገባ ከአሠሪዎቻቸው የተማሩትንም አልጣሉትም፤ ለራሳቸው ተጠቀሙበት።

ነፃነቱ በነፃ አልመጣም። ተከታዩ «አክሽን» ከእነሱ ድርሻ ለመቦጨቅ በሚያንዣብቡት ላይ የተሰነዘረ ቁጣ ነው፤ ድምፁም ይከብዳል። በብሪታንያ ግን 15ኛ ላይ ቆመ። የ1976ቱ «ጊቭ አስ ኤ ዊንክ» ሙሉ በሙሉ የራሳቸው አልበም ሲሆን ከእሱ የወጣው ነጠላ በአገራቸው 35ኛን አላለፈም። በቴሌቪዥን የለመዳቸው ታዳጊ ድምፃቸው ሲከብድበት ሸሸ፤ የሮክ አድማጩ ደግሞ ኩሉንና ብልጭልጩን አልረሳላቸውም። በ1978 «ላቭ ኢዝ ላይክ ኦክስጅን» አንዴ መልሶ ብቅ አደረጋቸው። በማግስቱ ዓመት ኮኖሊ ከባንዱ ወጣ።

ቢሆንም ከበድ ያለው ሥራቸው ሜዳ ላይ አልቀረም። ሳክሰን የተባለው የሄቪ ሜታል ባንድ «ሴት ሚ ፍሪ»ን፣ ዴፍ ሌፐርድ ደግሞ «አክሽን»ን መልሰው ተጫውተዋቸዋል። በቺንና ቻፕማን ያልተጻፉት እነዚህ ዘፈኖች ለሚቀጥለው ትውልድ ከባድ ሮክ ስንቅ ሆነዋል።

ጊዜ ያለው ሰው ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክር። «ኮ-ኮ»ን እስከ መጨረሻው ይስማና ወዲያው ጀርባውን፣ «ደን ሚ ሮንግ ኦል ራይት»ን ይክፈት። ሁለቱ የወጡት በአንድ ሸክላ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ባንድ ስም ነው። አንደኛውን ብቻ ሰምቶ «ስዊትን አውቃቸዋለሁ» ማለት ይቻል እንደሆነ ከዚያ በኋላ እንነጋገር።