የስንጥብ መረብ አሠራርና የጣና ሐይቅ ዓሣ

የስንጥብ መረብ ውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ተዘርግቶ በዚያ የሚያልፈውን ዓሣ የሚይዝ ማስገሪያ ነው። ላይኛው ገመድ ላይ ተንሳፋፊ፣ ታችኛው ላይ እርሳስ ወይም ድንጋይ ይታሰራል። ዓሣው ራሱን በመረቡ ዓይን ያሾልክና ሰውነቱ ሲሰፋበት ይቆማል። ወደ ኋላ ሲል ክሩ ከስንጥቡ ክዳን ሥር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለውም። ትንሹ ሾልኮ ያልፋል፤ ትልቁ ራሱን ማስገባት አቅቶት ይመለሳል።

የዓይኑ ስፋት የሚለካው መረቡ ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው። ሩሲያዊው ፊዮዶር ባራኖቭ እ.ኤ.አ. በ1914 እንዳስረዳው ለአንድ ዝርያ የሚያዘው ዓሣ ርዝመት ከዓይኑ ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል፤ የ8 ሴንቲ ሜትር ዓይን 24 ሴንቲ ሜትር ቆሮሶ በብዛት ከያዘ፣ የ10ሩ 30 ገደማ ይይዛል። አምባዛ ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም። ቅርፊት የለውም፣ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ የሚያዘውም ብዙ ጊዜ የጎን ክንፉ እሾህ በክር ተጠላልፎ ነው።

አሰቃቀሉም ይወስናል። 100 ሜትር መረብ 50 ሜትር ገመድ ላይ ሲሰቀል ዓይኖቹ በመጠኑ ይከፈታሉ። ገመዱ ከዚያ ካጠረ መረቡ ይላላል፤ ያኔ ከመጠኑ ውጭ ያለውንም ዓሣ እየጠቀለለ ይይዛል። ክሩ በቀጠነ መጠን ለዓሣ ዓይን ይሰወራል፤ ግልጽ የሆነው ነጠላ ክር (ሞኖፊላመንት) ብዙ የሚይዘው ለዚህ ነው። ሆኖም ቶሎ ይበጠሳል፤ ውሃ ውስጥ የቀረው ቁራጭም ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል።

ጣና ላይ ነገሩ ከዓይን ስፋት ያልፋል። ቀድሞ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ይሰገርበት የነበረው ሐይቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባበት። ሌላ ቦታ የማይገኙ በርካታ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ ከዚያ በፊት ወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። እዚያ የተዘረጋ መረብ ዓይኑ ሰፊ ቢሆንም አያድናቸውም፤ የተሰበሰቡት ሁሉ ለእርባታ የደረሱ ትልልቆች ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውስጥ በንግድ መረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆልቁሏል። የዓይን ስፋት ገደብ ጫጩቱን ይጠብቃል፤ እናቲቱን የሚጠብቀው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹን አፍ ከመረብ ነጻ ማድረግ ነው።